ቤት ውስጥ በሽተኛ ሲኖር ሰንበትንና አስተሰርዮን እንዴት እንያዝ

አርብ ማታ ሻማው ከበራ በኋላ አባታችሁ ደረታቸውን ያዙ እንበል። ላብ በላብ ሆነዋል፣ ግራ እጃቸውን ይደነዝዛቸዋል፣ ግን "ሰንበት ነው፣ ስልክ አትንኩ፣ ሲነጋ እናየዋለን" ይላሉ። ምን ታደርጋላችሁ?

ስልኩን አንስታችሁ ወደ አምቡላንሱ ቁጥር፣ ወደ 101 ትደውላላችሁ። ወዲያው። ራባይ አትጠይቁም፣ ዘመድ አትሰበስቡም፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ጎረቤት ፈልጋችሁ "እሱ ይደውልልን" አትሉም። ይህን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ሌላውን ሳታነቡ ብትተዉት እንኳ ይህቺ አንዷ ነገር እንድትቀርላችሁ ነው።

እናትና አባቶቻችን ሰንበትን እንዴት እንደሚያከብሩ እናውቃለን። አገር ቤት አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት አጥፍተው፣ ሰንበትን ቀዝቃዛ ምግብ በልተው የዋሉ ሰዎች ናቸው። ያንን ክብር ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ዛሬ እዚህ እስራኤል ውስጥ ቤታቸው ሌላ ቤት ሆኗል፤ ክንድ ላይ የተለጠፈ የስኳር መለኪያ አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍስላቸው ማሽን አለ፣ ጆሮ ላይ መስሚያ፣ አንገት ላይ የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ አለ። ስለዚህ ጥያቄው "ሰንበት ነው ወይስ ሕክምና?" ሳይሆን "ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እናስኬድ?" ነው። መልሱ አብዛኛው የሚሠራው ሐሙስና አርብ ነው፤ ቅዳሜ ላይ ሆኖ ማሰብ ከባድ ነው።

ለምን ሳንጠይቅ እንደውላለን?

ኦሪት ዘሌዋውያን 18:5 ስለ ትእዛዛቱ ሲናገር የሚያደርጋቸው ሰው በእነርሱ ይኖራል ይላል። የታልሙድ፣ ማለትም የጥንቱ የአይሁድ ሕግና ትምህርት መጽሐፍ፣ ሊቃውንት ከዚህ ተነስተው "ሊኖርባቸው እንጂ ሊሞትባቸው አይደለም" ብለው ወሰኑ። ከጣዖት አምልኮ፣ ከተከለከለ የሩካቤ ግንኙነትና ሰው ከመግደል በስተቀር ነፍስ ማዳን ሁሉንም ትእዛዝ ይቀድማል። አደጋው እርግጠኛ መሆን የለበትም፤ ጥርጣሬው ብቻ ይበቃል። የኢየሩሳሌም ታልሙድ እንዲያውም ጠንከር ይላል፦ የሚፋጠን የተመሰገነ ነው፣ የሚጠይቅ ግን ደም እንዳፈሰሰ ነው፣ የተጠየቀው ሊቅም ይነቀፋል። ለምን ይነቀፋል? ሕዝቡን አስቀድሞ ስላላስተማረ ነው፤ አስተምሮ ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ሮጦ እሱ ጋ የሚመጣ ሰው አይኖርም ነበር።

የመካከለኛው ዘመን ታላቁ የሕግ ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) ደግሞ ሌላ ነገር ጨምሯል። በሰንበት ነፍስ ለማዳን የሚደረገው ሥራ ለአሕዛብ ወይም ለልጆች አይሰጥም፣ የእስራኤል ታላላቆችና ሊቃውንት ራሳቸው ይሥሩት ይላል። ይህን ለሽማግሌዎች ስነግር ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ያስባሉ። እስከዚያ ድረስ "ሌላ ሰው ይደውል፣ እኔ እጄን አላስገባም" ማለት ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። በራምባም ቃል ግን ትልቁ ሰው ነው ቀድሞ እጁን የሚያስገባው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በመቃብያን ዘመን ሰንበት ስለሆነ አንዋጋም ብለው ዋሻ ውስጥ የተገደሉ ነበሩ፤ አንድ ሺህ ያህል ሰው። ማታትያስና ወገኖቹ አልቅሰው፣ ከዚህ በኋላ በሰንበት የመጣብንን እንከላከላለን ብለው ወሰኑ። የእኛውን፣ የቤተ እስራኤልን ታሪክም ተመልከቱ። ዘመቻ ሰሎሞን በ1991 ግንቦት ውስጥ አርብ ተጀምሮ ቅዳሜ ነው ያለቀው፤ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ አውሮፕላኖቹ ሰንበት ገባ ብለው አልቆሙም። ነፍስ ማዳን ስለነበረ ነው። እማማ ወይም አባባ በዚያ አውሮፕላን የመጡ ከሆነ ይህን አስታውሷቸው፤ ከመጽሐፍ ከሚነበበው ይልቅ ልባቸው ይገባል።

የትኛው ምልክት ነው "አደጋ" የሚባለው? የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ፊት ወደ አንድ ጎን መጣመም፣ ምላስ መተሳሰር፣ አንድ እጅ ወይም እግር ድንገት መድከም፣ የማይቆም ደም፣ ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት፣ የጨቅላ ሕፃን ትኩሳት፣ ነፍሰ ጡር ስትደማ ወይም ፅንሱ እንቅስቃሴው ሲቀንስ፣ ስኳር በጣም ሲወርድ። የዓይን ጉዳትም አለበት፤ ታልሙድ ራሱ ዓይንን ከሕይወት አደጋ ጋር ይቆጥረዋል። ደግሞ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚደበቀውን ልናገር፦ ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል የሚናገር ወይም የሚያሳይ ሰው የነፍስ አደጋ ላይ ነው። ለእሱም በሰንበት ስልክ ይደወላል፣ መኪና ይነዳል። "ሰው ይሰማል፣ ያሳፍራል" ብሎ እስከ ቅዳሜ ማታ ማቆየት ኃጢአት ነው።

አሁኑኑ፣ ሁሉም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር አውሩበት። "አባባ፣ አንድ ቀን ቢያምዎትና ሰንበት ቢሆን እደውላለሁ፤ ያኔ እንዳይቆጡኝ።" እምቢ ካሉ ታልሙድ ያለውን ንገሯቸው፦ ብዙ ሰንበቶችን እንዲጠብቅ አንድ ሰንበት ሻርለት። አሁንም ከልባቸው ካልገባ የሚያከብሯቸውን የቤተ እስራኤል ቄስ ቤት ድረስ ጋብዙ። ከልጅ አፍና ከቄስ አፍ የሚወጣ ቃል አንድ አይደለም፤ እሱን እናውቀዋለን።

አደጋ የሌለበት ሕመም

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚምታታው። ሃላካ (የአይሁድ ሕግ) በሽተኛን በደረጃ ያያል። አንደኛው ከላይ ያየነው ነው፣ ነፍሱ ያሰጋው። ሁለተኛው የሚያሰጋ ነገር የለውም፣ ግን አልጋ ላይ ጥሎታል ወይም ሰውነቱን በሙሉ አሞታል፤ ጉንፋን ጠንክሮበት፣ ወገቡ ተይዞ መነሳት አቅቶት። ሦስተኛው ትንሽ የሚቆረቁረው ነው፣ እየሄደ እየሠራ ራሱን ትንሽ የሚያመው።

ለሦስተኛው በሰንበት መድኃኒት መውሰድ ሊቃውንቱ ከልክለዋል። ምክንያቱ በድሮ ጊዜ መድኃኒት ቅጠልና ሥር ተወቅጦ ስለነበር፣ ሰው ለትንሽ ሕመም ብሎ በሰንበት እንዳይወቅጥ ነው። ለሁለተኛው ግን ይፈቀዳል፣ ክኒን ይዋጣል። በተጨማሪም ለእሱ የሚያስፈልገውን ነገር አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው እንዲሠራ መጠየቅ ይቻላል፣ ማሞቂያ እንዲያበራ ለምሳሌ። ትንንሽ ልጆች በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ትኩሳት ላለው ልጅ ሽሮፑን ስትሰጡ አትሳቀቁ።

የየቀን መድኃኒት ሌላ ነገር ነው። የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል፣ የታይሮይድ፣ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ቅዳሜንም ይወስዳል። "ለሰንበት ክብር ብዬ ዛሬ ዘለልኩት" የሚሉ እናቶች አሉ፤ እባካችሁ ይህን አስቁሙ። ከመድኃኒቱ አንዱን ቀን መዝለል ራሱ ወደ አደጋ የሚያስገባ ሊሆን ይችላል።

ቅባት ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ቆዳ ላይ እያሹ ማዳረስ ከተከለከሉት ሥራዎች ጋር ይያያዛል። አደጋ ለሌለበት ሰው ቅባቱን ጠብ አድርጎ ማስቀመጥ ወይም በጠብታ የሚሰጥ ዓይነት ካለ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ፋሻና ፕላስተር አርብ ተቆርጦ ይደር። ትኩሳት ለመለካት የመስታወቱ ቴርሞሜትር ይሁን፣ ባትሪ የሌለው። ለጤና ሲባል መለካት በሰንበት ይፈቀዳል፤ ችግሩ ያለው መለኪያው በኤሌክትሪክ ሲሠራ ነው። የደም ግፊትም እንደዚሁ፣ በእጅ የሚነፋና በማዳመጫ የሚለካ ካለ፣ የሚያውቅበት ሰው ካለ፣ እሱን ተጠቀሙ። ሰውየው አደጋ ላይ ከመሰላችሁ ግን ያለውን መለኪያ አንስቶ መጫን ነው፣ ሌላ ፍለጋ የለም።

አርብ የሚሠራው ሥራ

ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የበራ ማሽን ሰንበቱን ሙሉ በራሱ ቢሠራ ችግር የለበትም። የሚያሳስበው በሰንበት በእጃችን የምንነካው ነው። ኤሌክትሪክን በተመለከተ ሊቃውንቱ ራሳቸው አንድ አልነበሩም። በ1953 ያረፉት ሐዞን ኢሽ የኤሌክትሪክ መስመርን መዝጋት ከመገንባት ጋር አያይዘውታል። በ1995 ያረፉት ራባይ ሽሎሞ ዛልማን አውኤርባክ በዚህ አልተስማሙም፤ ክሩ ግሎ የሚያበራ አምፖል ግን እሳት ነው። በተግባር ሁሉም አታብሩ አታጥፉ ይላሉ። ልዩነቱ የሚጠቅመን በሽተኛ ሲኖር ነው። የሚግል ነገር የሌለበት ማሽን ብዙ ሊቃውንት ዘንድ ቀለል ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ራባይ ስትጠይቁ "ማሽኑ ውስጡ የሚግል ነገር አለው ወይ? መብራት ያበራል ወይ?" ለሚለው መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ፋርማሲው ወይም ያስገጠማችሁ ባለሙያ ይነግራችኋል።

ከመድኃኒቱ ጀምሩ። አርብ ጠዋት ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው አውጥታችሁ የሳምንት መያዣ ሣጥን ውስጥ ደርድሩ። የአልሙኒየሙ ሽፋን ላይ ፊደል ስላለበት በሰንበት ሲቀደድ ፊደሉ ይቀደዳል። በግማሽ የሚሰበር ክኒን ካለ አርብ ይሰበር። አንዳንድ ክኒን ግን ከማሸጊያው ከወጣ እርጥበት ያበላሸዋል፤ የትኛው እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፣ የእሱን ማሸጊያ ብቻ ፊደል በሌለበት በኩል አርብ ከፈት አድርጋችሁ አስቀምጡት። ኢንሱሊን ያለበት ፍሪጅ መብራቱ ይነቀል ወይም ይዘጋ፤ ይህን ረስተው ሰንበቱን ሙሉ ፍሪጅ ላለመክፈት የሚጨነቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። በሽተኛው ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ከሆነ ፍሪጁ ይከፈታል፣ መብራቱ በርቶም ቢሆን። ግን አርብ ሁለት ደቂቃ ብታጠፉለት ከዚያ ሁሉ ጭንቀት ትተርፋላችሁ።

የስኳር መለኪያው ከሁሉም ረጅም ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ቤት ስላለ። ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስልክ አስጠግታችሁ ካላነበባችሁት ቁጥር አይሰጥም። ሌላው በየጥቂት ደቂቃው ራሱ እየለካ ወደ ስልኩ ወይም ወደ መቀበያው ይልካል። ለሰንበት ሁለተኛው በጣም ይሻላል፤ ሰውየው ምንም አይነካም፣ ቁጥሩን ብቻ ያያል። ኩፓት ሆሊም (የጤና መድኅን ክሊኒክ) ስትሄዱ ሐኪሙን በዚህ ምክንያት ይህን እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሩት። ከዚያ አርብ ከሰዓት መቀበያውን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ፣ ማያው እንዳይጠፋ አድርጋችሁ፣ ከአልጋው አጠገብ አስቀምጡት። ስልክ ከሆነ ከስኳሩ ማንቂያ በስተቀር ሌላውን ጥሪና መልእክት ሁሉ ዝጉት፤ አለበለዚያ ሰንበቱን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፣ አንዷን እውነተኛ ማንቂያ ደግሞ ማንም አይሰማትም። መለጠፊያው ጊዜው የሚያልቀው ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ወይም አርብ ጠዋት ቀይሩት፤ አዲስ ሲለጠፍ እስኪረጋጋ ጊዜ ይወስዳል፣ አርብ ማታ ሊገባ ሲል አትጀምሩት።

የኢንሱሊን ፓምፕ ያለው ሰው ቁልፍ መጫን ግድ ይሆንበታል። ኢንሱሊን ለማይሠራ ሰውነት ኢንሱሊን ሕይወት ነው፤ ስለዚህ ይጫናል። ራባዩ ምናልባት ከተለመደው ለየት ባለ መንገድ፣ በጣት መገጣጠሚያ ለምሳሌ፣ እንዲጫን ወይም ሁለት ጊዜ የሚጫነውን አንድ ጊዜ እንዲሆን ይመክር ይሆናል። ጥሩ ነው፣ ስሙት። ግን ቁልፍ ላለመጫን ብሎ መጠኑን መቀነስ ወይም ምግብ መዝለል በፍጹም አይሆንም። ይህን ከወጣቶቹ ይልቅ ትልልቆቹ ናቸው የሚያደርጉት፣ በዝምታ፣ ለማንም ሳይናገሩ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጥሩን ራሳችሁ እዩት። በመርፌ ብዕር የሚወጉ ደግሞ ኤሌክትሪክ የለበትምና ነገሩ ቀላል ነው።

መስሚያ ጆሮ ላይ ያለው ሰው አርብ ባትሪውን ቀይሮ፣ አብርቶ ያደርጋል። በሰንበት እሱን ማናገር ይቻላል። ሲተኛ ሲያወልቀው አያጠፋውም፣ የባትሪውን ክዳን አይከፍትም፣ እንዲሁ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እንዳያፏጭ በጨርቅ ጠቅለል ይደረጋል። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር አስቡ፦ ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት ከማስቀመጫው ሲወጣ በራሱ ይበራል፣ ሲገባ ይጠፋል። ባትሪው የሚቀየረው ለሰንበት ጠባቂ ሰው ይመቻል። ከመግዛታችሁ በፊት ነው ይህን ማወቅ ያለባችሁ።

የእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽን ያላቸው ሰዎች ደግሞ "ጭንብሉን ሳደርግ በትንፋሼ ይበራል" ይላሉ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ማሽኖች እንደዚያ ናቸው፤ ያ በራሱ የመጀመርና የመቆም ነገር ከቅንብሩ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ያንን ቅንብር አርብ አጥፉት፣ ከዚያ ማሽኑን በሰንበት ሰዓት (ኤሌክትሪኩን በተወሰነ ጊዜ በራሱ በሚያበራና በሚያጠፋ መሣሪያ) ላይ ሰክታችሁ መቼ እንደሚበራና እንደሚጠፋ ወስኑ። ውሃ የሚያሞቀው ክፍልም አብሮ ይታሰብ፣ እሱ የሚግል ነገር አለው። ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን ግን አይጠፋም፣ ሰንበቱን ሙሉ ይሥራ። መብራት ቢቋረጥስ? መጠባበቂያው ሲሊንደር የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚከፈት ቤተሰቡ ሁሉ አርብ ይወቅ።

ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበርና ለመሳሰለው የተለየ መፍትሔ ተሠርቷል። በአሎን ሽቩት ያለው የጾሜት ተቋምና በኢየሩሳሌም ያለው የሳይንስና የሃላካ ተቋም የሚሠሩበት ዘዴ በተዘዋዋሪ የማድረግ ሐሳብ ነው። በተለመደው ማሽን እናንተ ስትጫኑ ነገሩ ያኔውኑ ይሆናል። በእነዚህ ግን ማሽኑ ራሱ በየተወሰነ ሰከንድ "የሚከለክለኝ ነገር አለ?" ብሎ ይፈትሻል፤ እናንተ የምታደርጉት መከልከያውን ማንሳት ብቻ ነው፣ ሥራውን የሚጀምረው በራሱ ዙር ነው። ለአካል ጉዳተኛና ለአረጋዊ ትልቅ ነገር ነው፤ ምኩራብ ሳይሄዱ የሚቀሩ ስንት አባቶች አሉ! አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። የወደቀ ሰው ይጫነዋል፣ አለቀ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ

አምቡላንሱ ሲመጣ በሽተኛው ብቻውን አይሂድ። እዚህ ላይ ታልሙድ ውስጥ ልቤን ሁልጊዜ የሚነካኝ ነገር አለ። ምጥ የያዛት ሴት መብራት ብትፈልግ በሰንበት ይበራላታል ይላል፤ ከዚያ ዓይነ ስውር ብትሆንም ይበራላታል ይላል። እሷ አታይም። ግን ክፍሉ መብራቱን ካወቀች፣ የሚያዋልዷት ሴቶች እንደሚያዩ ስታውቅ፣ ልቧ ይረጋል። የልብ መረጋጋት ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው ማለት ነው። ከዚህ ተነስተው ነው ሊቃውንቱ አብሮ የሚሄድ ሰው መኪና ውስጥ እንዲገባ የፈቀዱት። ዕብራይስጥ በደንብ ለማይችሉ እናት ደግሞ አብሮ መሄድ ከመረጋጋትም በላይ ነው፤ የት እንደሚያማቸው፣ ምን እንደሚወስዱ የሚያስረዳላቸው ይፈልጋሉ። የተሳሳተ መልስ ስንቱን ጎድቷል።

ስለዚህ አርብ አንድ ቦርሳ በር ላይ ተዘጋጅቶ ይደር። መታወቂያ፣ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን በዕብራይስጥ የተጻፈበት ወረቀት፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ምግብ፣ ለኪዱሽ (ለሰንበት ቡራኬ) የወይን ጭማቂ፣ ልብስ። ምግቡን አትናቁት፤ ሸኚው በዚያው መዋሉ አይቀርም። በሽተኛው ከገባና አደጋው ካለፈ በኋላ ቤተሰብ መኪና ነድቶ ወደ ቤት መመለስ አይችልም። የአምቡላንስና የነፍስ አድን ሠራተኞች መመለስ ላይ ራባይ ሞሼ ፋይንሽታይን ፈቅደዋል፣ ሌሎች በዚህ ተከራክረዋል፤ ያ ግን ለሠራተኞቹ ነው፣ ቀጣዩን በሽተኛ ለማዳን ስለሚጠበቁ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ ተቀበሉ። ደም ይቀዳ፣ ራጅ ይነሳ፣ ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ይጻፍ። "ሰንበት ስለሆነ ይህን ምርመራ ነገ" ማለት የእናንተ ሥራ አይደለም። እናንተን የሚመለከተው ፊርማ ነው፤ አስቸኳይ ካልሆነ "በቃል እስማማለሁ፣ ሰንበት ሲወጣ እፈርማለሁ" በሉ፣ ሠራተኞቹ ይህን ለምደውታል። ያለ ፊርማ አይጀመርም የተባለ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ግን ይፈረማል። ነርስ መጥሪያው ቁልፍም እንዲሁ ነው፦ ለሚያስፈልግ ሕክምና ይጫናል፣ ለውሃ ብርጭቆ ሸኚው ይነሳ። በየፎቁ በራሱ የሚቆመው የሰንበት ሊፍት የት እንዳለ ጠይቁ።

ቅዳሜ ጠዋት "ተፈትተዋል፣ ሂዱ" ቢሏችሁስ? ነርሷን በትሕትና ሰንበት ጠባቂ መሆናችሁን ንገሯትና እስከ ማታ የምትቆዩበት ቦታ ጠይቁ። አልጋው ለሌላ ቢፈለግ እንኳ ወንበር ላይ፣ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ መቆየት ይቻላል። በሽተኛው ደካማ ከሆነና መቆየቱ የሚጎዳው ከሆነ የሆስፒታሉን ራባይ ጥሩ፤ ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች አላቸው።

አስተሰርዮ

ከሰንበት ይልቅ የሚያስቸግረው ይህ የስርየት ጾም ቀን (ዮም ኪፑር) ነው። ትልልቆቻችን ጾሙን አይለቁም። ሐኪሙ "አትጹሚ" ብሎ፣ እናት እሺ ብላ ከወጣች በኋላ ቤቷ ገብታ ትጾማለች። ግን ሃላካ ለዚህ መንገድ አበጅቷል፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው ወይ ሙሉ በሙሉ መጾም ወይ እንደ ማንኛውም ቀን መብላት ብቻ ያለ የሚመስለው። መሐከሉ አለ። መጾም ለሚያሰጋው ሰው፣ ሐኪሙም እንደዚያ መብላት ይበቃዋል ካለ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በጊዜ እየከፋፈለ ይበላል፣ ይጠጣል። አስቸኳይ ከሆነ ግን ያለ ልክ፣ ወዲያው ይበላል።

አሠራሩ ይህ ነው። ምግብ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ለክታችሁ፣ ከዚያ 9 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ሌላ። መጠጥ የሚለካው በሰውየው አፍ ነው፤ አንድ ጉንጩን ከሚሞላው ያነሰ መሆን አለበት፣ ለአብዛኛው ሰው 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። የአስተሰርዮ ዋዜማ ላይ እናታችሁን ውሃ በአንድ ጉንጫቸው እንዲይዙ አድርጉና ብርጭቆ ውስጥ ይትፉት፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ብርጭቆው ላይ ምልክት አድርጉ። በማግስቱ እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ትሞላላችሁ። ግድግዳ ላይ ሰዓት ይኑር። ምግቡም በትንሹ ብዙ ኃይል የሚሰጥ ይሁን፤ ዳቦ ብቻ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሲያኝኩ ይውላሉ።

ወደ ሐኪሙ የምትሄዱት ቢያንስ ከሳምንት በፊት ነው። ጥያቄያችሁም "ትጹም ወይስ አትጹም?" ብቻ አይሁን። "መድኃኒቷን ሰዓቱን መቀየር ይቻላል ወይ? ያለ ውሃ መዋጥ ትችላለች? በ9 ደቂቃ ልዩነት መጠጣት ይበቃታል ወይስ አይበቃም?" በሉ። የሐኪሙን መልስ ይዛችሁ ራባይ ጋ ሂዱ። ደግሞ በሽተኛው ራሱ "አልቻልኩም፣ ልብላ" ካለ፣ ሐኪሙ አያስፈልገውም ቢል እንኳ ይበላል፤ ታልሙድ "ልብ የራሱን መራራነት ያውቃል" የሚለውን የምሳሌ ቃል ጠቅሶ የሚያዘው እንደዚያ ነው። በተቃራኒው ሐኪሙ ይብላ ብሎ በሽተኛው አያስፈልገኝም ካለ ሐኪሙ ይሰማል። ሁለቱንም ወገን አስተውሉ፣ ሁልጊዜ ወደ መብላት ነው የሚያጋድለው።

የወለደች ሴት እስከ ሦስት ቀን አትጾምም። ነፍሰ ጡር ጤነኛ ከሆነች አስተሰርዮን ትጾማለች፣ ግን ካዞራት፣ ምጥ የመሰለ ቁርጠት ከያዛት ወይም ከደማች መጠጣት ትጀምራለች፣ ሐኪም ቤትም ትሄዳለች።

ስለ ትልልቆቹ ጥያቄዎችና ስለ መጠየቅ

ከማሽን ላይ ስለ ማላቀቅ፣ ስለ አካል ልገሳ፣ ከማሕፀን ውጭ ስለ መፀነስ እዚህ በሁለት መስመር አልጨርሰውም። ጥቂት ማወቂያ ያህል፦ በሞት አፋፍ ላይ ስላለ በሽተኛ በ2005 የወጣው ሕግ ከሃላካ ጋር ተጣጥሞ የተጻፈ ነው፤ አዲስ ሕክምና አለመጀመርና የተጀመረውን ማሽን ማቆም አንድ አይደሉም። የአንጎል ሞትን በተመለከተ የ2008 ሕግ አለ፣ ሊቃውንቱ ግን እስከ ዛሬ በሁለት ወገን ናቸው። መፀነስ ለተቸገሩ ደግሞ የፑአ ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሆነውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች አሉት። እነዚህን ጥያቄዎች በሽተኛው ራሱ መናገር በሚችልበት ጊዜ አንሱ። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ቆመው እየተጨቃጨቁ የሚወሰን ነገር አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የማይታረቅ ቤተሰብ ይቀራል።

ራባይ ስትጠይቁ ሕክምና የሚያውቅ ወይም ሐኪም አማክሮ የሚመልስ ፈልጉ። የሐኪሙን ደብዳቤ ያዙ፣ የማሽኑን ፎቶ ያዙ፣ በሽታውን በስሙ ጥሩት፤ "ትንሽ ያማታል" አትበሉ። መልሱ ካልተመቻችሁ ሳትነግሩት ወደ ሌላ ራባይ አትሩጡ፣ ምን እንዳልገባችሁ ተመልሳችሁ ለእሱ ንገሩት። የጎረቤት መልስም ለእናንተ አይሠራም፤ የእሷ ስኳርና የእናታችሁ ስኳር አንድ አይደለም።

ሰንበት ሲወጣ የቀሩትን ፊርማዎች ፈርሙ፣ ቦርሳውን እንደገና ሙሉት፣ ሰንበቱን ያስቸገራችሁን ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። የትኛው ማንቂያ ጮኸ፣ የትኛው ቁልፍ ላይ ተጠራጠራችሁ፣ እማማ የትኛውን ክኒን አልውጥም አሉ። ይዛችሁት እሁድ ራባዩ ጋ ወይም ኩፓት ሆሊም ሂዱ።